እንግዳና ተቀባይ ሞለኪውሎች፤ በገዛ ራሳቸው የሚገጣጠሙ ሰንሰለቶች



በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ያለፈ ሰው ሁሉ የስታርችን መኖር በአዮዲን መፈተን ያውቃል። በተቀቀለ ድንች ወይም በበቆሎ ዱቄት ብጥብጥ ላይ ቡናማው አዮዲን ጠብ ሲልበት ወዲያው ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። ተማሪው «ስታርች አለ» ብሎ በደብተሩ ላይ ይመዘግብና ያልፋል። አንዳንድ መምህር ግን በዚህ አይቆምም፤ የሙከራ ቱቦውን በእሳት ያሞቀዋል። ቱቦው ሲሞቅ ሰማያዊው ቀለም ይጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይመለሳል። ይህ መጥፋትና መመለስ የፈተናው ዋና ቁም ነገር ሆኖ ሳለ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የሚሰጠው ቦታ እጅግ ጠባብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከስታርች ክፍሎች አንዱ የሆነው አሚሎስ የተባለው ረጅም የግሉኮስ ሰንሰለት እንደ ሞላ እየተጠማዘዘ መሐሉ ክፍት የሆነ ቧንቧ ይሠራል፤ በእያንዳንዱ ዙር ስድስት ያህል ግሉኮስ ይገኛል። አዮዲኖቹ በዚህ ቧንቧ ውስጥ እየገቡ በረድፍ ይሰለፋሉ፤ ሰማያዊውም ቀለም የሚመጣው ከዚሁ ረድፍ ነው። በአዮዲኑና በስታርቹ መካከል ኤሌክትሮንን በጋራ የመያዝ፣ ማለትም የኮቫለንት ትስስር፣ አልተፈጠረም። አንዱ ቤት ሆኖአል፤ ሌላው እንግዳ ሆኖ ገብቶአል። ሙቀቱ ሲበረታ እንግዳው ይወጣል፤ ሲበርድ ተመልሶ ይገባል።

ይህን መሰል ግንኙነት የሚመረምረው ዘርፍ ልዕለ ሞለኪውላዊ ኬሚስትሪ ይባላል። ስሙን በ1978 የሰጡት ፈረንሳዊው ዣን ማሪ ሌን ናቸው (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሞለኪውል በላይ የሆነ ሥርዓት፣ ሞለኪውሎች እንደ ሞለኪውልነታቸው ሳይለወጡ እርስ በርሳቸው የሚፈጥሩት ኅብረት ማለት ነው። በዚህ ኅብረት ውስጥ ጎድጎድ ያለ ወይም ቀለበት የሆነ ሆድ ያለው ሞለኪውል እንግዳ ተቀባይ፣ ባጭሩም ተቀባይ ይባላል፤ የሚገባው ደግሞ እንግዳ። ስያሜው ለአማርኛ አፍ የተመቸ ነው። በአማርኛ እንግዳ የሚባለው መጥቶ የሚሄድ ነው፤ ሳይሄድ የቀረ ቤተኛ እንጂ እንግዳ አይባልም። የዚህ ኬሚስትሪ መሠረቱም ይኸው መምጣትና መሄድ ነው።

አሁን የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነው፦ መጥቶ በሚሄድ እንግዳ ረጅም ሰንሰለት፣ ማለትም ፖሊመር፣ ሊሠራ ይችላልን? ለዚህ ጥያቄ የመቶ ዓመት ክርክር ከኋላው አለ። ከ1920 በፊት ጎማ፣ ሴሉሎስና ሌሎችም እንዲህ ያሉ ነገሮች የትናንሽ ሞለኪውሎች ክምር እንደሆኑ፣ ክምሩንም ደካማ የመሳሳብ ኃይሎች እንደያዙት ብዙ ኬሚስቶች ያምኑ ነበር። ጀርመናዊው ሄርማን ሽታውዲንገር በ1920 ባወጡት ጽሑፍ ይህን ተቃወሙ። እነዚህ ነገሮች በተራ ኮቫለንት ትስስር ከዳር እስከ ዳር የተያያዙ እጅግ ረጅም ሞለኪውሎች ናቸው አሉ። ለዓመታት ተሟገቱ፤ በመጨረሻም እውነቱ ከእርሳቸው ጋር ሆኖ በ1953 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ፖሊመርን በደካማ ኃይል የተያዘ ክምር ነው ብሎ መናገር እንደ አላዋቂነት ተቆጠረ። የታሪክ ምፀት ሆኖ ግን፣ ሽታውዲንገር ስለ ጎማ ሲባል ውድቅ ያደረጉት ሐሳብ ስለ ጎማ ስሕተት ይሁን እንጂ በራሱ የማይቻል አልነበረም። ከ1990 ወዲህ ኬሚስቶች ያንኑ ክምር ሆን ብለው፣ በልክ፣ በፕላን መሥራት ጀመሩ።

የእንግዳና የተቀባይ ነገር የመጀመሪያው ሐሳብ ከዚህም ይቀድማል። ኤሚል ፊሸር በ1894 ኢንዛይምና የሚሠራበት ነገር እንደ ጓጉንቸርና መክፈቻ መገጣጠም አለባቸው ብለው ነበር። ይሁን እንጂ ኬሚስት በገዛ እጁ የሠራው ጓጉንቸር የታየው ከ70 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ እርሱም በአጋጣሚ የተገኘ ነው።

ቻርለስ ፔደርሰን በ1904 በኮሪያ ቡሳን ከኖርዌያዊ አባትና ከጃፓናዊት እናት የተወለዱ፣ ዱፖንት በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ ከ1927 ጀምሮ የሠሩ፣ የዶክትሬት ዲግሪ ያልነበራቸው ኬሚስት ነበሩ። ለቫናዲየም ውህድ የሚሆን መያዣ ለመሥራት ሲሞክሩ በሚጠቀሙበት ጥሬ ዕቃ ውስጥ ጥቂት ካቴኮል የተባለ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎ ነበር። ከሥራው ፍጻሜ ከሚፈልጉት ነገር ጋር ጥቂት ነጭ ክሪስታል ወጣ፤ ምርቱ ከመቶ 0.4 ብቻ ነበር። ብዙ ሰው ቢሆን ጠርጎ ይጥለው ነበር። ፔደርሰን ግን አንድ እንግዳ ነገር አዩ፦ ክሪስታሉ በሜታኖል ውስጥ በደንብ አይሟሟም፤ የሶድየም ጨው ሲጨመርበት ግን ይሟሟል። ነገሩ ሲመረመር ሞለኪውሉ 18 አተሞች ያሉት ቀለበት ሆኖ ተገኘ፤ ከእነዚህም ስድስቱ ኦክሲጅኖች ናቸው። የብረቱ አዮን በቀለበቱ መካከል ይቀመጣል፤ ስድስቱም ኦክሲጅኖች ዙሪያውን ከበው ይይዙታል። ቀለበቱ ዘውድ ስለሚመስል ክራውን ኤተር ተባለ። ፔደርሰን ሥራውን ያሳተሙት በ1967፣ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው ነው። በ1987 የኖቤል ሽልማቱን ከዶናልድ ክራምና ከሌን ጋር ሲካፈሉ ዕድሜአቸው 83 ነበር።

ክራም ለዘርፉ የሰጡት ትልቅ ነገር አንድ ትምህርት ነው፤ እርሱም ቤቱ አስቀድሞ ይሰናዳ የሚል ነው። እንግዳው ሲመጣ ቅርጹን የሚያስተካክል ልፍስፍስ ተቀባይ ለማስተካከያው ኃይል ይከፍላል፤ አስቀድሞ ቅርጹን ይዞ የሚጠብቅ ግን ያንን ወጪ ስለማያወጣ እንግዳውን አጥብቆ ይይዛል።

ከተቀባዮች ሁሉ ርካሹና ለሰው ልጅ ጤና ቅርብ የሆነው ሳይክሎዴክስትሪን ነው። የሚሠራውም ከዚያው ከስታርች ነው፤ አንድ ዓይነት ኢንዛይም የስታርቹን ሰንሰለት ቆርጦ ጫፍና ጫፉን በመግጠም ቀለበት ያደርገዋል። ስድስት፣ ሰባት ወይም ስምንት ግሉኮስ ያለው ይገኛል፤ አልፋ፣ ቤታና ጋማ ይባላሉ። የሆዳቸው ስፋት እንደየቅደም ተከተሉ ወደ 0.5፣ 0.6ና 0.8 ናኖ ሜትር ይጠጋል። ቅርጹ ታችና አፉ የተከፈተ ስኒ ይመስላል፤ ውጪው ውሃ ወዳድ ነው፣ ውስጡ ግን ውሃን እምብዛም አይወድም። በሆዱ ውስጥ የታጨቁት ጥቂት የውሃ ሞለኪውሎች እንደ ልባቸው እርስ በርስ መያያዝ ስላልቻሉ ተጨንቀው ይኖራሉ። ውሃን የሚሸሽ እንግዳ ሲመጣ እነርሱ ወጥተው ከወገኖቻቸው ይቀላቀላሉ፤ እንግዳውም ከውሃው ይሸሸጋል። ከሁለቱም ወገን ትርፍ ስላለ ግንኙነቱ ይጸናል። ሱጋማዴክስ የተባለው፣ በአውሮፓ በ2008፣ በአሜሪካ በ2015 የተፈቀደው መድኃኒት በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ የተሻሻለ ጋማ ሳይክሎዴክስትሪን ነው። ለቀዶ ጥገና ጡንቻን ያዝለፈለፈውን ሮኩሮኒየም በደም ውስጥ እየዋጠ በሽተኛው ቶሎ እንዲተነፍስ ያደርገዋል። እዚህ ላይ ፖሊመር የለም፤ ሆኖም አንድ እንግዳ በአንድ ቤት መግባቱ ብቻ ምን ያህል ከባድ ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል።

ከጥንድ ወደ ሰንሰለት የሚወስደው እርምጃ በሐሳብ ቀላል ነው። አንድ ሞለኪውል ራሱ ተቀባይ፣ ጅራቱ እንግዳ ሆኖ ቢሠራ አንዱ የሌላውን ጅራት እየያዘ ይሰለፋሉ። ወይም አንዱ ሞለኪውል ሁለት ተቀባይ፣ ሌላው ሞለኪውል ሁለት እንግዳ ተሸክመው ተራ በተራ ይገጣጠማሉ። በዚህ መንገድ የተያያዘው ነገር ልዕለ ሞለኪውላዊ ፖሊመር ይባላል፤ ሞኖመሮቹን የሚያገናኘው ኮቫለንት ትስስር ሳይሆን መግባትና መውጣት ነው። ከዚህ ጋር ብዙ ጊዜ የሚደባለቅ፣ ነገር ግን መለየት ያለበት ሌላ ነገር አለ። በኦሳካ ዩኒቨርሲቲ አኪራ ሃራዳና ባልደረቦቻቸው በ1990 አልፋ ሳይክሎዴክስትሪንን ፖሊኤቲሊን ግላይኮል ከተባለ ዝግጁ ፖሊመር ጋር በውሃ ውስጥ ሲቀላቅሉ ቀለበቶቹ በክሩ ላይ እንደ ዶቃ ተሰኩ። በ1992 ደግሞ የክሩን ሁለት ጫፎች በወፍራም ሞለኪውል በመዝጋት ዶቃዎቹ እንዳይወልቁ አደረጉ፤ በእያንዳንዱ ክር ላይ ሃያ ያህል ቀለበቶች ነበሩ። ይህ የሞለኪውል ድሪ ነው። ድሪው ግን ክሩን ከኮቫለንት ትስስር አግኝቶአል፤ በእንግዳና በተቀባይ ብቻ የቆመው ሰንሰለት ሌላ ነው።

የዚህን ሰንሰለት ርዝመት የሚወስነው ሒሳብ ሊታለፍ አይገባም፤ በዘርፉ ከሚነገረው ብዙው የሚመዘነው በእርሱ ነውና። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ከሌላው ጋር እኩል ጽናት ካለው፣ የሰንሰለቱ አማካይ ርዝመት በሞኖመር ቁጥር ሲቆጠር የትስስሩ ቋሚ ቁጥር በክምችቱ ተባዝቶ ከሚገኘው ብዜት ዳግም ዘር ጋር ይቀራረባል። የትስስሩ ቋሚ ቁጥር 1,000 ሊትር በሞል፣ ክምችቱም በሊትር 0.01 ሞል ቢሆን ብዜቱ 10 ነው፤ አማካዩ ሰንሰለት አራት ሞኖመር እንኳ በቅጡ አይሞላም። ይህን ፖሊመር ብሎ መጥራት ድፍረት ነው። ቋሚው ቁጥር ወደ 1,000,000 ከፍ ቢል ሰንሰለቱ ወደ 100 ሞኖመር ይደርሳል። ርዝመቱን በእጥፍ ለማሳደግ የትስስሩ ጽናት አራት እጥፍ መሆን አለበት። ከዚህም የተነሣ ለብዙ ዘመን ኬሚስቶች ደካማ ትስስርን ለፖሊመር አልታጨችም ብለው ትተዋት ነበር።

መንገዱን የከፈቱት ሁለት ሥራዎች በሃይድሮጅን ትስስር የተሠሩ ናቸው። በ1990 ሌንና ባልደረቦቻቸው በሦስት የሃይድሮጅን ትስስር የሚገጥሙ ሁለት ዓይነት ሞለኪውሎችን በማቀላቀል ፈሳሽ ክሪስታል የሆነ ሰንሰለት አገኙ። በ1997 ደግሞ በኔዘርላንድ፣ በአይንድሆቨን የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ የበርት ሜየር ቡድን በአራት የሃይድሮጅን ትስስር እርስ በርሱ የሚገጥም ቁራጭ ሠራ፤ በክሎሮፎርም ውስጥ የትስስሩ ቋሚ ቁጥር 60 ሚሊዮን ያህል ነው። አንዱ የሃይድሮጅን ትስስር ብቻውን ከቁም ነገር የማይገባ ነው፤ አራቱ በአንድነት ሲሰለፉ ግን ተራ ፖሊመርን የሚመስል ዝልግልግ ብጥብጥ ወጣ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት እዚህ ቦታ ቃል በቃል ይሠራል።

እንግዳና ተቀባዮችም ከዚህ ትምህርት አልራቁም። በቨርጂኒያ ቴክ ሃሪ ጊብሰንና ባልደረቦቻቸው ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ክራውን ኤተርን ከአሞኒየም አዮን ጋር በማያያዝ ሰንሰለት ሠሩ። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ፍሬዘር ስቶዳርትና ባልደረቦቻቸው በ1995 የገለጹት ጥንድ ነው፤ 24 አተም ያለው የክራውን ቀለበትና በመካከሉ የሚያልፈው ዳይቤንዚል አሞኒየም። በክሎሮፎርም ውስጥ የትስስሩ ቋሚ ቁጥር 27,000 ያህል ሲሆን በአሴቶናይትራይል ግን ጥቂት መቶ ብቻ ነው፤ ዳይሜቲል ሰልፎክሳይድ በተባለው አሟሚ ደግሞ ጨርሶ ይፈታል። በሊትር 0.1 ሞል ክምችት ላይ ቢሰላ በመጀመሪያው አሟሚ ሰንሰለቱ 50 ያህል ሞኖመር፣ በሁለተኛው 7 ያህል ብቻ ይሆናል። ኮቫለንት ፖሊመር ከአሟሚ ወደ አሟሚ ሲዛወር ርዝመቱን ይዞ ይሄዳል፤ ይህኛው ግን በየደረሰበት አዲስ ርዝመት ይይዛል። ስለዚህ የልዕለ ሞለኪውላዊ ፖሊመርን ርዝመት ክምችቱን፣ አሟሚውንና ሙቀቱን ሳይናገሩ መናገር ትርጉም የለውም።

ሁለት የቤት ውስጥ ጠላቶችም አሉ። የመጀመሪያው የመጠን አለመመጣጠን ነው። ሁለት ተቀባይ የያዘው ሞለኪውልና ሁለት እንግዳ የያዘው እኩል ካልሆኑ የተረፈው ወገን ጫፍ ጫፉን ይዘጋዋል። ናይሎንን በ1935 ያስገኙት ዋለስ ካሮዘርስ ያስተማሩት ሒሳብ እዚህም ይሠራል፦ መጋጠሚያው ሁሉ ቢገጥም እንኳ ከመቶ ሁለት ብልጫ የሰንሰለቱን አማካይ በ100 ገደማ ያስቀረዋል። ሁለተኛው ጠላት አንድ እጅ ብቻ ያለው ባዕድ ሞለኪውል ነው፤ ሰንሰለቱን ይይዛል፣ ሌላውን ግን አይጨብጥም። ሚዛኑ ትክክል፣ ዕቃውም ንጹሕ ካልሆነ ውድ የሆነው መሣሪያ ሁሉ የሚለካው ቆሻሻውን ነው።

ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪው ግን የገዛ ጅራቱን የሚነክሰው ሞለኪውል ነው። ራስና ጅራት ያለው ሞኖመር ጅራቱ ረጅምና ልፍስፍስ ከሆነ ጎረቤት ሳይፈልግ ወደ ራሱ ሆድ ይታጠፋል፤ ወይም ሁለት ሦስት ሆነው ክብ ይሠራሉ። ብጥብጡ ቀጭን ሲሆን የሚበዙት እነዚህ ዝግ ቀለበቶች ናቸው፤ ክምችቱ ከአንድ ወሰን ሲያልፍ ሰንሰለቶች ይወለዳሉ። ይህን በቀላል መሣሪያ ማየት ይቻላል። የብጥብጡ ዝልግልግነት በተለያየ ክምችት ተለክቶ በሎጋሪዝም ወረቀት ላይ ሲነደፍ መስመሩ በመጀመሪያ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ከወሰኑ በኋላ ቁልቁለቱ ወደ ዳገት ይለወጣል። ወሰኑን መስመሩ የተሰበረበት ቦታ ያሳያል። የሃራዳ ቡድን አንዱን እንግዳ በአልፋ ሳይክሎዴክስትሪን ላይ በተለያየ ቦታ እያሰረ ሲመረምር፣ በአንዱ ቦታ ሲታሰር ሦስት ሦስት እየሆኑ የሚዘጉ ቀለበቶች፣ በሌላው ቦታ ሲታሰር ክፍት ሰንሰለቶች አገኘ። አተሞቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው እንግዳው የቆመበት በር ብቻ ነው።

ስለ ተቀባዮች ሲነገር ዱባውን መርሳት አይገባም። ኩኩርቢቱሪል የተባለው ተቀባይ ስሙን ያገኘው ከዱባና ከቅል ቤተሰብ የላቲን ስም ነው፤ ቅርጹ ላይና ታቹ ተቆርጦ ውስጡ የተፈለፈለ ዱባ ይመስላልና። ጀርመናዊው ሮበርት ቤሬንድ ነገሩን በ1905 ሠርተውት ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን የታወቀው በ1981 ነው። አንድ ዱቄት 76 ዓመት ስሙንና ቅርጹን ሳይናገር ኖረ ማለት ነው። በ2000 በደቡብ ኮሪያ የኪሙን ኪም ቡድን አምስት፣ ሰባትና ስምንት ክፍል ያላቸውን ዘመዶቹን ለይቶ አወጣ። ሰባት ክፍል ያለው እንግዳን አጥብቆ በመያዝ ይታወቃል፤ በ2014 ከአንድ እንግዳ ጋር የተለካው የትስስር ቋሚ ቁጥር ከ10 በ17 ርቢ በላይ ነው። ስምንት ክፍል ያለው ደግሞ ሆዱ ሰፊ ስለሆነ ሁለት እንግዶችን በአንድ ጊዜ ያስተናግዳል፤ አንዱ ኤሌክትሮን የጎደለው፣ ሌላው ኤሌክትሮን የተረፈው ቢሆን ጎን ለጎን ተቃቅፈው ቀለም ያወጣሉ። እንግዲህ በሁለት ጫፉ እንግዳ የተሸከመ ሞለኪውል ከዚህ ዱባ ጋር በውሃ ሲቀላቀል፣ እያንዳንዱ ዱባ ሁለት ጫፎችን እየጨበጠ ሰንሰለቱን ይቀጥላል። ይህ ከቀደሙት ሁለት መንገዶች የተለየ ሦስተኛ መንገድ ነው፤ ተቀባዩን በኮቫለንት ትስስር ከምንም ጋር ማያያዝ ስለማያስፈልግም ከሁሉ ይልቅ ለላቦራቶሪ ሠራተኛ ይመቻል።

ተፈጥሮ በዚህ ሥራ ቀዳሚ ናት፤ በእርስዋ ዘንድ ግን መገጣጠም ሁልጊዜ በረከት አይደለም። ሲክል ሴል በተባለው የደም በሽታ በሄሞግሎቢን ቤታ ሰንሰለት ስድስተኛ ቦታ ላይ ግሉታሚክ አሲድ በቫሊን ተተክቶአል፤ ይህንም ቨርነን ኢንግራም በ1950ዎቹ አጋማሽ አሳዩ። ቫሊን ውሃን ይሸሻል። ሄሞግሎቢኑ ኦክሲጅኑን ሲለቅ በጎረቤቱ ሞለኪውል ላይ ውሃን የሚሸሽ ጎድጓዳ ቦታ ይከፈታል፤ ቫሊኑም እንግዳ ሆኖ እዚያ ይገባል። እንዲህ እየተያያዙ በ14 ረድፍ የተገመደ ረጅም ገመድ ይሠራሉ፤ ገመዱ ቀዩን የደም ሕዋስ አጣሞ እንደ ማጭድ ያደርገዋል፣ የደም ሥሩም ይዘጋል፣ ሕመሙም ይጀምራል። ኦክሲጅን ሲመለስ ገመዱ ይፈታል። በ1974 ዊልያም ኢተንና ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩት ገመዱ መታየት እስኪጀምር ድረስ ያለው የመዘግየት ጊዜ ከሄሞግሎቢኑ ክምችት 30ኛ ርቢ ገደማ ጋር በግልባጭ ይለዋወጣል፤ ማለት ክምችቱ በጥቂቱ ሲቀንስ ጊዜው እጅግ ይረዝማል፣ ሕዋሱም ገመዱ ሳይገመድ ከጠባቡ የደም ሥር ሊያልፍ ይችላል። ሐኪሞች የሚዋጉት በዚሁ ሒሳብ ነው። በአሜሪካ በ1998 ለአዋቂ በሽተኞች የተፈቀደው ሃይድሮክሲዩሪያ፣ በ2023 መጨረሻም በእንግሊዝና በአሜሪካ የተፈቀደው የዘረመል ማስተካከያ ሕክምና፣ ሁለቱም የጽንሱን ሄሞግሎቢን ከፍ ያደርጋሉ። ያ ሄሞግሎቢን ወደ ገመዱ አይገባም፤ ገመዱን የሚሠራውን ያሳሳዋል። በላቦራቶሪ ጠላት የነበረው ባዕድ ሞለኪውል በሰው ደም ውስጥ አዳኝ ሆኖ ይገኛል።

ከላቦራቶሪው ወገን ለዓይን ደስ የሚሉት ሁለት የኦሳካ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለቱም በ2011 ታተሙ። በአንደኛው ሃራዳና ባልደረቦቻቸው በጣት የሚያዙ የጄል ቁርጥራጮች ሠሩ፤ አንዳንዶቹ አልፋ ወይም ቤታ ሳይክሎዴክስትሪን፣ ሌሎቹ እንግዳ ተሸክመዋል፤ እያንዳንዱም በተለየ ቀለም ተነክሮአል። በውሃ ውስጥ ሲናወጡ አልፋ የያዘው ጄል ቀጥ ያለውን ቡቲል፣ ቤታ የያዘው ደግሞ ቅርንጫፍ ያለውን ቡቲል መርጦ ተጣበቀ። የሁለቱ እንግዶች አተሞች ቁጥር አንድ ነው፤ ልዩነቱ ቀጭንና ወፍራም መሆናቸው ብቻ ነው። ከናኖ ሜትር በታች ያለ የመጠን ልዩነት በዓይን በሚታይ ቁራጭ ላይ ምርጫ ሆኖ ወጣ። በሁለተኛው ሥራ ቤታ ሳይክሎዴክስትሪን የተሸከመ ፖሊመርና ፌሮሲን የተሸከመ ፖሊመር ተቀላቅለው ጄል ሆኑ። ጄሉ በምላጭ ተቆርጦ ሁለቱ ወገኖች ሲነካኩ መልሶ ይጋጠማል። በቁርጡ ላይ በረኪና ውስጥ የሚገኘው ሶድየም ሃይፖክሎራይት ቢቀባ ግን አይጋጠምም፤ ፌሮሲኑ ኤሌክትሮን ተነጥቆ ባለ ሙል አዮን ስለሚሆን ከቤቱ ይወጣልና። ግሉታታዮን ኤሌክትሮኑን ሲመልስለት እንግዳው ተመልሶ ይገባል፤ ቁርጡም ይድናል።

እንዲህ ያለው ሥራ ከታየ በኋላ «ራሱን የሚጠግን» የሚለው ቃል በየመጽሔቱ ርዕስ ላይ ተለጠፈ፤ ከመጠንም አለፈ። ራሱን የሚጠግን ነገር የሚጠግነው ሰንሰለቱ ስለሚንቀሳቀስ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ሰንሰለት ደግሞ ክብደት ሲሰቀልበት ቀስ በቀስ ይለጠጣል። ጄሉን በሳሕን ላይ አስቀምጦ ቁስሉ ሲድን ማሳየት ቀላል ነው፤ በዚያው ጄል ላይ ክብደት ሰቅሎ ለአንድ ወር መተው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ በታተሙ ጽሑፎች ውስጥም እምብዛም አይገኝም። ከዚህም በላይ የትስስሩ ቋሚ ቁጥር ብቻውን ስለዚህ ነገር ብዙ አይናገርም። እኩል ጽናት ያላቸው ሁለት ጥንዶች አንዱ በሴኮንድ ሺህ ጊዜ፣ ሌላው በሰዓት አንድ ጊዜ የሚለቅ ሊሆን ይችላል። በዱክ ዩኒቨርሲቲ ስቲቨን ክሬግና ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩት ጄሉ ለኃይል የሚሰጠውን መልስ በዋናነት የሚወስነው እንግዳው የሚወጣበት ፍጥነት ነው። ቋሚ ቁጥሩን ለክቶ የመውጫውን ፍጥነት ያልለካ ጽሑፍ ግማሹን ሥራ ትቶአል።

ለምን ይህ ሁሉ ድካም ለሚል ሰው ዋናው መልስ በየሜዳው የሚታየው ፕላስቲክ ነው። ሽታውዲንገር የተሟገቱለት ኮቫለንት ሰንሰለት ጽኑ በመሆኑ ጠቀመ፤ ያው ጽናት ከተጣለ በኋላ ሸክም ሆነ። ሰንሰለቱ ወደ ሞኖመሩ ሳይጎዳ የሚመለስበት መንገድ ካለ መልሶ መጠቀም ይቻላል። በኅዳር 2024 በጃፓን የሪኬን ተቋም የታኩዞ አይዳ ቡድን በ«ሳይንስ» መጽሔት ያወጣው ሥራ በዚህ አቅጣጫ እስከ ዛሬ ከታዩት ሁሉ አሳማኝ ነው። በውስጡ እንግዳና ተቀባይ የለም፤ ለምግብ ማቆያነት የሚያገለግለው ሶድየም ሄክሳሜታፎስፌትና ጓኒዲኒየም ያለበት ሰልፌት በውሃ ሲቀላቀሉ በባለ ሙል አዮኖቻቸው ይያያዛሉ። ብጥብጡ በሁለት ይከፈላል፤ ትርፍ የሆነው ሶድየም ሰልፌት ወደ ውሃው ክፍል ይሄዳል፣ ወፍራሙ ክፍል ሲደርቅ ጠንካራ ፕላስቲክ ይሆናል። ጨው ሲወጣ የተዘጋው መጋጠሚያ ጨው ሲመለስ ይከፈታል፤ ስለዚህም በባሕር ውሃ ውስጥ በሰዓታት ይሟሟል። ከሟሟው ውስጥ ከፎስፌቱ ከመቶ 91፣ ከጓኒዲኒየሙ ከመቶ 82 ያህሉ ተመልሶ ተገኝቶአል። ውሃ እንዳይነካው ለሚፈለግበት ሥራ ላዩ ውሃ በማያስገባ ስስ ሽፋን ይለበጣል። ሽፋኑ ሳይጫር እስካለ ድረስ ፕላስቲኩ በጨው ውሃ ውስጥ ይቆያል፤ ከተጫረ ግን የባሕሩ ውሃ በጭረቱ ገብቶ ይፈታዋል። ምን ያህል ጭረት ለመፍታት እንደሚበቃ፣ ምን ያህሉ ደግሞ በአገልግሎት ላይ ሳለ ሊታገሥ እንደሚገባው መለካት የሚቀጥለው ሥራ ነው።